የድራፍት እጀታ አሰባሰብ፦ ከጥርሱ እስከ መደርደሪያው

የድራፍት እጀታ ስታገኙ ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ አናቱ ነው፤ ጦር የያዘው ፈረሰኛ፣ የዋልያው ቀንድ፣ ያሸበረቀው ጽሑፍ። እናንተ ግን መጀመሪያ ገልብጡትና ከታች እዩት። ዕድሜው፣ የተሠራበት አገር፣ ዕቃው ዋናው መሆኑ፣ መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም መቻሉ አብዛኛው የሚታወቀው ከእግሩ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ጉዳይ አለ፤ እርጥበት። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት በሚዘልቅበት ከተማ፣ በደረቅ አገር ሃያ ዓመት የሚቆይ ዕቃ በሁለት ክረምት ሊበላሽ ይችላል። ይህ መመሪያ በብዛት የሚያወራው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

እጀታ ስንል

ባሬስታው ጃምቦ ሲሞላ ወደ ራሱ የሚስበው፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ የተጠመደው መያዣ ማለታችን ነው። ቧንቧው ላይ የሚጠመደው የታችኛው ክፍል እግሩ፣ እዚያ ያለው የብሎን ጥምዝ ደግሞ ጥርሱ ነው። ራሱ ቧንቧው፣ በርሜሉና ማቀዝቀዣው ሌላ ጉዳይ ናቸው።

የእጀታ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ክልከላው በ1933 እ.ኤ.አ. ሲነሳ፣ ጠጪው የሚቀዳለትን ቢራ በስም እንዲያውቅ ስሙን ቧንቧው ላይ ማሳየት ግዴታ ሆነ። መጀመሪያ የተለመደው እንደ ትንሽ ኳስ ክብ የሆነው እጀታ ነበር፤ ፊቱ ላይ በቀለም የተሠራ ክብ ሳህን ተገጥሞበታል። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ፣ መጣ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኋላ ትንንሽ ጠማቂዎች ሲበዙ በሬዚን (ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተቀረጹት ረጃጅሞቹ ተስፋፉ፤ ዓሣ፣ የራስ ቅል፣ መልሕቅ፣ ምን የማይቀረጽ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከጓዳ በእጅ ፓምፕ የሚሳበው ቢራ የራሱ ረጅም እጀታ አለው፤ አንዳንዱ ከሸክላ የተሠራ ነው። የእጅ ፓምፑ የባለቤትነት መብት የተመዘገበው በ1797 እ.ኤ.አ. በጆሴፍ ብራማህ ስም ነው። የፓምፕ እጀታና የቧንቧ እጀታ አገጣጠማቸው ስለሚለያይ በአንድ መደርደሪያ ላይ ለማቆም አትሞክሩ።

አገር ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ ፕላስቲክ ወይም አክሪሊክ ነው። ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት። ፋብሪካ ባለቤት ወይም መለያ ሲቀይር አሮጌው እጀታ ተነቅሎ ይጣላል፤ የሚያስቀምጠው ሰው ስለሌለ ከአሥር ዓመት በኋላ ከአሜሪካው ሬዚን ይልቅ እሱ ይጠፋል። በደሌና ሐረር በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ ሄኒከን ተዛውረዋል። ሜታ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ዲያጆ፣ በ2022 ደግሞ ወደ ቢጂአይ ሄዷል። ዋልያ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ሀበሻ በ2015 እ.ኤ.አ. ገበያ ገቡ። በእያንዳንዱ ለውጥ ዙሪያ የሚነሳና የሚወድቅ ዕቃ አለ፤ ለጅማ ሰብሳቢ በተለይ በደሌ በመቱ መንገድ ላይ ያለ ጎረቤት ስለሆነ ከእሱ መጀመር ያዋጣል።

የት ይፈለጋል፣ ከማን ይገዛል

ሦስት ቦታ አለ። አንደኛው ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሆቴሎችና ድራፍት ቤቶች ጓዳ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያሉትን የቆዩ ቤቶች ስትጠይቁ «እጀታ አላችሁ?» ብትሉ የበር እጀታ ይመስላቸዋል። «የድሮ ድራፍት ማሽን መክፈቻ፣ የተነቀለ ካለ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፎቶ በስልክ ብታሳዩ ደግሞ የበለጠ ይፈጥናል። ሁለተኛው ጅማ መርካቶ ውስጥ ያሉ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎችና በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌው ነው። ቆራሌው የሚፈልገው ብረቱን ነው፤ የነሐስ ወይም የዚንክ እግሩን ሰብሮ አውጥቶ ፕላስቲኩን ይጥለዋል። ሳይሰብር እንዲያመጣላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከብረቱ ዋጋ ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ። ሦስተኛው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ወደ ማሸጉ በኋላ እንመጣለን።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። የድራፍት ማሽኑ ብዙ ጊዜ የመጠጥ ቤቱ ሳይሆን ፋብሪካው በውል የሰጠው ንብረት ነው። ስለዚህ ከአስተናጋጅ ወይም ከባሬስታ እጅ በጓሮ አትግዙ። ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩ፣ የተነቀለና የማይመለስ መሆኑን አረጋግጡ፣ በአንድ መስመርም ቢሆን የሽያጭ ወረቀት ተቀበሉ። የሚሠራ ማሽን ላይ ያለ እጀታ በምንም ዋጋ አይነካም።

ጥርሱን መለካት

ወደ ፍለጋ ስትወጡ ኪሳችሁ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦ ካሊፐር፣ ትንሽ ማግኔት፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ እና ሦስት መሞከሪያ ብሎኖች።

ብሎኖቹ፦

1. 3/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ ያለው። የአሜሪካ መደበኛ እጀታ ጥርስ ይህ ነው።
2. ኤም10፣ የጥርስ ርቀቱ 1.5 ሚሊ ሜትር።
3. ኤም8፣ የጥርስ ርቀቱ 1.25 ሚሊ ሜትር።

ከአውሮፓ የመጡ ቧንቧዎች ላይ የኋለኞቹ ሁለቱ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ብሎን ቤት ገብታችሁ እንደ መካኒኩ «የ17 ብሎን ስጠኝ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ኤም10 ነው፤ 17 የሚባለው የብሎኑ ራስ የሚፈታበት ቁልፍ ቁጥር ነው። የኤም10 ውፍረት 10 ሚሊ ሲሆን የ3/8 ደግሞ 9.5 ሚሊ ነው። ለዓይን አንድ ናቸው። ኤም10ን በግድ ወደ አሜሪካ እጀታ ብታስገቡት ለስላሳውን የነሐስ ጥርስ ልጦ ያበላሸዋል። በተቃራኒው 3/8ቱ ኤም10 ቀዳዳ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይገባና ጥቂት ዞሮ ይይዛል፤ «ገጥሟል» ብላችሁ ትሸወዳላችሁ። 3/8 ስትጠይቁም የጥርሱን ቁጥር ጨምራችሁ ተናገሩ፤ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ቀጭን ጥርስም ይሸጣል፤ እሱ አይሆንም።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። ብሎኑን በጣት ብቻ አዙሩ፣ ቁልፍም ፒንሳም አትጠቀሙ። ትክክለኛው ብሎን ሳይንገዳገድ አራት አምስት ሙሉ ዙር ይገባል። ከሁለት ዙር በፊት ከያዘ አውጡትና ሌላውን ሞክሩ። ቀዳዳው ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ አትሞክሩ፤ የደረቀ ቢራ ስኳሩ ጥርሱ ውስጥ እንደ ሙጫ ይጠነክራል። በለብ ያለ ውሃ የነከረ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል።

ብሎን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ የቀዳዳውን የውስጥ ስፋት በካሊፐር ለኩ። 8 ሚሊ አካባቢ ከሆነ 3/8 ነው፣ 8.5 አካባቢ ኤም10፣ ከ7 ሚሊ በታች ከሆነ ኤም8። ከታች የወጣ ወንዴ ጥርስ ካለ 25.4 ሚሊ ውስጥ ጥርሶቹን ቁጠሩ፤ 16 ከሆነ ኢንች ነው፣ 17 ሊሞላ ከተቃረበ ኤም10፣ 20 ከሆነ ኤም8።

ከእጀታው እግር የሚወጣውና ቧንቧው ላይ የሚቀመጠው ቀለበት መሰል ብረት አንዳንዴ ለብቻው ይፈታል። ሻጮች ይህን ነቅለው ለሌላ ይሸጡታል። እሱ የጎደለው እጀታ ዋጋው መውረድ አለበት፤ ጅማ ላይ ቶርኖ ቤት ቢያስቀርጹለት እንኳ ዋናው አይሆንም።

ከምን እንደተሠራና ዋናው መሆኑን መለየት

ማግኔቱን እግሩ ላይ አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ በእጀታ ላይ ይህ ያልተለመደ ስለሆነ ተጠራጠሩ፣ ምናልባት በኋላ የተቀየረ ይሆናል። ካልያዘ ብዙውን ጊዜ ነሐስ ወይም ዚንክ ነው። ያረጀ ነሐስ ቢጫ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ በእርጥበት አረንጓዴ ያወጣል። ዚንክ ግራጫ ነው፣ ሲበላ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ዚንኩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅና እብጠት ካያችሁ አትግዙ። ይህ ከውጭ የመጣ ዝገት አይደለም፤ ብረቱ ሲቀለጥ በገባ እርሳስ ምክንያት ከውስጥ የሚፈጠር መፈረካከስ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል።

ሬዚን በእጅ ሲያዝ ከሸክላ ይልቅ ይቀልላል፣ ጥፍር ሲመታው ድምፁ የደነዘዘ ነው። ሸክላ ይቀዘቅዛል፣ ይጮኻል። እንጨት ከሆነ ከታች ያልተቀባው ክፍል ላይ የእንጨቱ መስመር ይታያል።

የአሮጌ ክብ እጀታ ሐሰተኛ በብዛት የሚገኘው በፊቱ ሳህን ነው፤ ኳሱ እውነተኛ ሆኖ መለያው በአዲስ ኅትመት ይተካል። በሌንሱ እዩት። ቀለሙ ወጥ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ነጠብጣቦች ተደባልቀው ካያችሁ ግን የኅትመት ማሽን ሥራ ነው። ጠርዙንም እዩ፤ ሃምሳ ዓመት የቆየ ሳህን ዙሪያውን ከያዘው ቀለበት ጋር አብሮ ያረጃል። ሳህኑ እያንጸባረቀ ቀለበቱ የተበላ ከሆነ ሁለቱ አብረው አልኖሩም።

ዋጋ ላይ የሚከብደው ምሉዕነት ነው። ከጫፉ ላይ የሚሰካ ጌጥ፣ ሁለቱም ፊት ላይ ያለ ጽሑፍ፣ የእግሩ ብረት፤ ሦስቱ ካሉ ጥቂት ጭረት አያስጨንቅም። የተሰበረ ቀንድ ወይም ጣት ያለው ሬዚን፣ በደንብ ቢጠገንም፣ ከግማሽ ዋጋ በላይ አትክፈሉበት፤ ይህ የእኛ ልክ ነው።

ማጽዳት

በመጀመሪያ የማይደረገውን እንያዝ፦

አክሪሊክ ላይ አልኮል፣ የእጅ ሳኒታይዘር፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አይነካም። ወዲያው ምንም አይመስልም፤ ጥቂት ቆይቶ ውስጡ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል፣ አይመለስም። አሴቶን ደግሞ አክሪሊክንም ኤቢኤስ ፕላስቲክንም ያቀልጣል፤ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ይዛችሁ አትጠጉ። በረኪና ክሮምን ይበላል። ሎሚና ጨው ነሐስን ያበራል፣ ለድስት ጥሩ ነው፤ የአሮጌ እጀታን የዕድሜ ቀለም ግን በአምስት ደቂቃ ያጠፋና ዋጋውን ይዞ ይሄዳል። የብረት ሱፍ ለምንም አይሆንም።

የሚደረገው ቀላል ነው። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁ፣ ጥርጊያው ከላይ ወደ ታች ይሁን። እጀታውን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ በእግሩ ብረትና በገላው መካከል የገባ ውሃ አይወጣም፣ ጅማ ላይ ደግሞ በፍጹም አይደርቅም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ በታጠበ ጨርቅ ሁለተኛ ዙር፣ ከዚያ በደረቅ። ለአንድ ቀን እግሩን ወደ ላይ አዙራችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙት። የቢራ ጠረን ካልለቀቀ ማጠቡን ድገሙት፤ የቢራ ሽታ እንግዳ ክፍል ውስጥ እንዳይገባ የሚፈልግ ቤተሰብ በከተማው ብዙ ስለሆነ ይህ ለሰላማችሁም ጥሩ ነው።

የተለጠፈ ወረቀት ወይም የዋጋ ምልክት ካለ በፀጉር ማድረቂያ ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት አሙቁትና በጥፍር አንሱ። የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት አርሱ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ በሳሙና ጨርቅ ጥረጉ። የፋብሪካው የራሱ ተለጣፊ ከሆነ ግን ተቀዶም ቢሆን አይነሳም።

የያዘና የማይፈታ የእግር ቀለበት ካለ ዝገት ፈቺ ዘይት ሁለት ጠብታ ጨምራችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ ብረቱን በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ያዙ፣ እጀታውን በእጅ አዙሩ። ሬዚን ከሆነ ከአንገቱ ሳይሆን ከእግሩ አጠገብ ያዙት፤ አንገቱ ቀጭን ነው፣ መሰበሩ አይቀርም።

ጥገና

የተሰበረ ሬዚን በሁለት ቱቦ የሚደባለቅ ኤፖክሲ ይያያዛል። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ተዉት፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚፈጀውን ግዙ፤ የሚጠነክረው እሱ ነው። ክፍሉ ከጣት የሚወፍር ከሆነ በሁለቱም በኩል ባለ 2 ሚሊ መሰርሰሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ከፍታችሁ የነሐስ ሽቦ አስገቡ። የፈሰሰውን ኤፖክሲ ሳይደርቅ ጥረጉ። ሱፐር ግሉ አክሪሊክ ላይ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ተኑ ዙሪያውን እንደ በረዶ ያነጣዋል።

ጥርሱ የተላጠ እግር ያለው የእንጨት እጀታ ከሆነ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ የነሐስ ጥርስ በኤፖክሲ መትከል ይቻላል፤ ቀዳዳው ፍጹም ቀጥ እንዲል በእጅ ትራፓን ሳይሆን በቋሚ መሰርሰሪያ ይሠራ። አንድ ዲግሪ ቢዘም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ግማሽ ሴንቲ ይሆናል፣ ከሩቅ ያስታውቃል።

መደርደሪያው

ለዚህ ጅማ ታድላለች። በርጩማና ወንበር ከአንድ ግንድ ሲፈለፈል የኖረበት አገር ስለሆነ ጥሩ አናጺ አታጡም። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፣ በደንብ የደረቀ። እርጥብ ዋንዛ ከገዛችሁ በበጋው ይጣመማል፣ ብሎኖቹም ፊታቸውን ያዞራሉ። ችፑድን አስቡትም፤ በአንድ ክረምት ያብጣል፣ ጥርስም አይዝም።

ለአሥር እጀታ የሚሆን አንድ ደርብ፦

የዋንዛ ጣውላ፣ ርዝመት 1 ሜትር፣ ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር። ብሎን 3/8 ባለ 16 ጥርስ፣ ርዝመቱ 1¾ ኢንች፣ 10 ፍሬ። ዳዶ 10፣ ሮንዴላ 20።

ሀ. ከጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ክንፍ ወይም ቀንድ ያላቸው እጀታዎች ካሏችሁ 13 ሴንቲ አድርጉትና ቁጥሩን ቀንሱ።

ለ. ከታች በኩል 25 ሚሊ ስፋት፣ 10 ሚሊ ጥልቀት ያለው ጎድጓድ አውጡ፤ የብሎኑ ራስ የሚደበቅበት ነው። ከዚያ መሐሉን በ10 ሚሊ መሰርሰሪያ ብሱ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ቀዳዳው ከቀደመ ሰፊው መሰርሰሪያ መሐል የሚይዝበት አያገኝም።

ሐ. ብሎኑን ከነሮንዴላው ከታች አስገቡ፣ ከላይ ሮንዴላና ዳዶ አጥብቁ። ከዳዶው በላይ 12 ሚሊ ያህል ጥርስ ይቀራል፤ የሚበቃው ይህ ነው። ባለ 2 ኢንች ብሎን ብቻ ካገኛችሁ 6 ሚሊ በሴጌቶ ቁረጡ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ዳዶውን አስገቡበት። ሲቆረጥ የተበላሸውን ጫፍ ዳዶው ሲወጣ ያስተካክለዋል።

መ. ለኤም10 እጀታዎች ሁለት ሦስት ቦታ ኤም10 ብሎን አድርጉና ጎናቸው ላይ በቀለም ነጥብ ለዩዋቸው።

ሠ. ብርጭቆ ወረቀት ባለ 120፣ ከዚያ ባለ 220። ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ፤ ታችና ጀርባውም ይቀባ። የሚረሳው ጀርባው ነው፣ እርጥበት የሚገባውም በእሱ ነው። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ረ. እጀታውን በጣት አዙራችሁ ሲቆም ተዉት። ፊቱ ወደ ጎን ከቆመ በግድ አታጥብቁ፤ ወደ ኋላ መልሱትና ከሥሩ ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አስገቡ፣ ፊቱን ስታዞሩት ይይዛል።

አሥር ሬዚን እጀታ ከነጣውላው ከ6 እስከ 10 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ባለ 10 ፊሸር አራት ቦታ ይበቃል። ጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ምንም አይዝም፤ ግድግዳውን በጣት እያንኳኳችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉና እሱ ላይ እሰሩ። በሁለቱም ዓይነት በጣውላውና በግድግዳው መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ አየር ይለፍ። ከውጭ ዝናብ የሚመታው ግድግዳና ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ፊት አይሆንም፤ አንዱ ያሻግታል፣ ሌላው ነጭ ፕላስቲክን ያቢጫል፣ ቀዩን ቀለም ያነጣል።

ክረምቱን ማሳለፍ

ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ክፍሉ ውስጥ ስቀሉ። ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ደስ ይላል፤ ሐምሌ ላይ ይህን በክፍት መደርደሪያ አታገኙትም። ስለዚህ ነሐስ፣ ዚንክና እንጨት የሆኑትን ከግንቦት እስከ መስከረም ክዳኑ ገጣሚ በሆነ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አኑሩ። ለ20 ሊትር ሣጥን 200 ግራም ያህል አድርጉ። ከጫማ ካርቶን የምታወጧት ጥቅል ጥቂት ግራም ስለሆነች አትበቃም። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ካገኛችሁ ሲጠግብ ታውቃላችሁ፤ ከከረጢቱ አውጥታችሁ በ120 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ሰዓት አድርቁና መልሱ። ጨው ወይም ሩዝ ምትክ አይሆንም።

ሣጥኑ ያለ ሲሊካ ከሆነ ከመደርደሪያው የባሰ ነው፤ እርጥበቱን አብራችሁ ዘጋችሁበት ማለት ነው። በዜና ወረቀትም አትጠቅልሉ፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ወረቀቱ ውሃ ይይዛል። የታጠበ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል።

እንጨት ላይ ነጭ ሻጋታ ከወጣ ደጅ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ አድርቁ፤ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይሰነጠቃል።

ከውጭ ማስመጣት

ላኪው እጀታውን ከመጠቅለሉ በፊት የእግሩን ፎቶ ይላክላችሁ፤ የሻጭ ፎቶ ሁልጊዜ ፊቱን ብቻ ነው። ጌጡ የሚፈታ ከሆነ ለብቻው ይጠቅለል። ቀንድና ክንፍ ዙሪያው መጀመሪያ በለስላሳ ወረቀት ይሞላ፣ ከዚያ ሙሉው በልብስ ይጠቅለል፣ ሻንጣው መሐል ይቀመጥ፤ ጠርዝ ላይ ያለ ነገር ነው የሚሰበር። ጫማ ውስጥ መክተት የሚወደድ ዘዴ ነው፣ ለአጫጭሮቹ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ከላካችሁ ጣሪያ ላይ አይጫን፣ ተሳፋሪ እጅ ይሁን።

መዝገብ

ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩን በእርሳስ በትንሽ ካርቶን ጻፉና በክር እግሩ ላይ እሰሩ፣ አትለጥፉ። ደብተሩ ላይ፦ የቢራው ስም፣ ቁመት በሚሊ ሜትር፣ ክብደት በግራም፣ የጥርሱ ዓይነት፣ ከምን እንደተሠራ፣ ከየት፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ፣ የተጠገነ ከሆነ ምኑ። ፎቶ አራት፦ ፊት፣ ጀርባ፣ ጎን፣ እግር። ጥገናን ደብቆ መለዋወጥ ጥቂት ሰብሳቢ ባለበት ከተማ ቶሎ ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አብሯችሁ አይለዋወጥም። ለመለዋወጥ ስትገናኙም መሞከሪያ ብሎኖቹን ይዛችሁ ሂዱ።